ፍሬን የለመደ እግር

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አልገጨሁም፣ አንድ አጥር አልነካሁም፣ አንዲት እናት ከነዘንቢሏ እየሮጠች እያየኋት በር ዘግቼ አልሄድኩም። ይህን የምትነግረን ለጉራ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም፤ ለጉራ ነው። ተሳፋሪ ሲወርድ "ቀስ በሉ" ማለት ስለማበዛ ሰፈሩ ሁሉ ስሜን ትቶ "ቀስ በሉ" ይለኛል። ባለቤቴ እንኳን ስትቆጣ የምትጠራኝ በዚሁ ነው።

የእኛ ዴፖ የተሠራው ቁልቁለት ላይ ነበር። የማን ሐሳብ እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። አርባ አውቶብስ አፍንጫውን ወደ ታች፣ ወደ ነዳጅ ማደያው ደፍቶ ያድራል። ስለዚህ ስንቀጠር ከሁሉ በፊት የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ እግር ፍሬን ላይ ሳይወርድ እጅ ቁልፍ አይነካም። አሠልጣኛችን ይህን የረሳ ሰው ካዩ በያዙት ማስመሪያ ጉልበቱን ይሉታል። ሁለት ወር ሳይሞላ ነገሩ ከጭንቅላት ወርዶ አጥንት ውስጥ ይገባል። የዚያ ዴፖ ሹፌር የትም ቢሄድ ይታወቃል፤ እጁ ወደ ቁልፍ ሲዘረጋ ቀኝ እግሩ ቀድሞ ወርዷል። እኔማ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቁም ሳጥን ስከፍት እግሬ ወለሉን ሲረግጥ ባለቤቴ አይታ ሳምንት ሙሉ ስቃብኛለች።

አሁን ያለችንን መኪና ያመጣልን ወንዱ ልጄ ነው። መንገድ ቀያሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሌላ መኪና ሲሰጠው የራሱን "ለእናንተ ትሁን" ብሎ በራችን ላይ አቆማት። ነጭ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ስትሄድ ድምፅ የላትም። የቁልፍ ቀዳዳ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ቁልፏ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሪው አጠገብ ያለችውን ክብ አዝራር ስትጫናት ትነሳለች። አንድ እሑድ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "አባዬ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ሬዲዮ ብቻ መክፈት ከፈለግክ..." ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። ሬዲዮ የምሰማው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፤ ስድሳ ሰው ጭኜ በዝናብ አቀበት የወጣሁ ሰው ደግሞ በአንዲት አዝራር ምክንያት ትምህርት ቤት አልገባም አልኩት። ስቆ ተወኝ። እኔም የረታሁት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ታናሽ እህቱ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። በመስኮት በኩል ሆና በድምፅ ማጉያ የታካሚ ስም ትጠራለች። ስትጠራ ሰው ዘመዱ የጠራው ያህል ፊቱ ፈካ ብሎ ነው የሚነሳው። አንድ ቀን ለደም ግፊቴ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ "ይቺ ልጅ ስሜን ስትጠራ ግማሹ ሕመሜ ለቀቀኝ" ብለውኛል። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ሌላ ነው፤ ዜና አንባቢ መሆን። ሦስት ጣቢያ አመልክታ ሦስቱም ድምፅዋን እንኳን ሳይሰሙ ወረቀቷን መልሰውላታል። ዘንድሮ በሌላ ከተማ ያለ የሬዲዮ ጣቢያ ማስታወቂያ አወጣ። ከብዙ መቶ ሰው የተቀዳ ድምፅ አዳምጠው ስምንት ሰው አስቀሩ፤ አንዷ እሷ ሆነች። ማስታወቂያው ከሠላሳ ዓመት በታች ይላል፤ እሷ ሠላሳ ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ይህ ካመለጣት ሌላ አይኖርም። ቤታችን ውስጥ ማናችንም ይህን በአፋችን አላልነውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

የመጨረሻው ፈተና ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ነው ተባለ። ጽሑፉ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ወዲያው ይነበባል፣ ፈታኟ በቀጥታ ታዳምጣለች። በስልክ አይሆንም። ጸጥ ያለ ቦታ ደግሞ ግዴታ ነው። ጸጥታ ከየት ይምጣ? በግራችን የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ጎረቤት አለን፤ መቁረጫው ሲጀምር ጥርስ ያንገጫግጫል። ሰውየው ደግ ነው፣ ለአንድ ሰዓት አቆምላችኋለሁ ብሎ ነበር። በቀኛችን ግን ሙአለ ሕፃናት አለ፤ አራት ሰዓት የእረፍት ሰዓታቸው ነው። መቶ ሕፃን ዝም በሉ ብሎ የሚያዝ ማን አለ? በዚያ ላይ ላፕቶፗ ከአክስቷ ልጅ የተዋሰችው አሮጌ ነው፤ ባትሪው ሞቷል፣ ከሶኬት ሲነቀል እዚያው ድርግም ይላል።

ታዲያ አንድ ማታ እራት ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ ብሆንስ አለችኝ። መስኮቱ ሲዘጋ ምንም አይሰማም፣ ለላፕቶፑም መሰኪያ አላት። ይህ ጥያቄ በሕይወቴ ከተጠየቅኳቸው ሁሉ የሚያኮራ ነበር። ለእኔ ተይው አልኳት። የከተማውን ጸጥ ያለ ጥግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የድሮው የእህል መጋዘን ጀርባ፣ ረጅሙ ግንብ ሥር፣ ጠዋት ጥላ የሚሆንበት ሜዳ አለ። ሰው አይደርስበትም፣ መኪና አያልፍበትም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ደርሰናል። እኔ መሪው ላይ፣ እሷ አጠገቤ፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ፣ ትንሿ ማይክ የሸሚዟ ኮሌታ ላይ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ እኔ ጆሮ ውስጥ ግን ዝምታ ነው የሚሰማኝ፣ ያን ያህል ጥሩ ሞተር ናት። አራት ሰዓት ሲሆን የፈታኟ ድምፅ መጣ። ትሕትና ያላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሰላምታ ተለዋወጡና ገና ጽሑፉ ሳይላክ፣ "ከጀርባሽ የሚያጉረመርም ነገር አለ፤ ሞተር ነው?" አለቻት።

ያጉረመርማል አለችው! እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ልጄ በዓይኗ ስትለምነኝ ግን አዝራሯን ተጫንኩ። ሞተሩ ጠፋ፤ ከእሱ ጋር የዳሽቦርዱ መብራትም፣ መሰኪያውም፣ ላፕቶፑም ድርግም አሉ። ሴትዮዋ ከነትሕትናዋ ጠፋች።

ልጄ ሳትቆጣ፣ መብራቱ ብቻ ይብራ እንጂ ሞተሩ አይነሳ አለችኝ። እሺ ብዬ ተጫንኩ። ሞተሩ ተነሳ። ላፕቶፑ እስኪከፈት ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ስትገናኝ ፈታኟ ያው ጉርምርምታ እንዳለ ነገረቻት። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ከአንቺ ቀጥሎ ያለውን የመጨረሻውን ሰው ላስቀድምና በሩብ ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ፣ ያን ጊዜ ካልተስተካከለ ግን መዝገቡን ለመዝጋት እገደዳለሁ አለቻት። ክፋት የለበትም ንግግሯ፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

እንግዲህ ሩብ ሰዓት አለኝ። በአሮጌው አውቶብሴ ቢሆን ቁልፉን ወደ መጀመሪያው እርከን ትንሽ ጠምዘዝ ማድረግ ነው፤ ሬዲዮ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል፣ ሞተር አይነሳም። ይቺ ግን እርከን የላት፣ ጠምዘዝ የላት። ስጫናት ትነሳለች፣ ስጫናት ትጠፋለች። በጣቴ ጫፍ ነካ አደረግኳት፤ ተነሳች። አቆይቼ ተጫንኳት፤ ተነሳች። በግራ እጄ ሞከርኩ። ተበላሽታለች አልኩ። ፋብሪካዋን ሰደብኩ፣ አዝራር የሚባል ነገር የፈጠረውን ሰው ሰደብኩ፣ ወንዱን ልጄንም በሆዴ ትንሽ ነካ አደረግኩት። ሴቷ ልጄ ከንፈሯን ነክሳ የጠፋውን ስክሪን ታያለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ለልጅ ደውሎ "አላውቅም" ማለት ስድሳ ሰው ጭኖ አቀበት ከመውጣት ይከብዳል፤ ሁለቱንም ስላደረግኩ አውቀዋለሁ። ወንዱ ልጄ የሆነ ሜዳ ላይ ሥራ ላይ ነበር፣ ንፋስ ይሰማል። ሞተር ሳይነሳ መብራት እፈልጋለሁ፣ እህትህ ፈተና ላይ ናት፣ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶናል አልኩት። ያን እሑድ አንስቶ አልወቀሰኝም፤ የእናቱ ልጅ ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አባዬ፣ እግርህ የት ነው ያለው?"

"ፍሬን ላይ ነዋ፤ የት ይሁን ታዲያ?"

"እሱ ነው ነገሩ። ፍሬን ከተረገጠ መኪናዋ ልትሄድ ነው ብላ ሞተር ታስነሳለች። እግርህን አንሳና አንዴ ብቻ ተጫን። ያኔ ለሬዲዮና ለመሰኪያው የሚሆን ብቻ ይበራል።"

ክው አልኩ። ይህን ያህል ቀላል ነገር! እግሬን አነሳሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ተጫንኩ። ሞተሩ ተነሳ። "ተነሳ አይደል?" አለ ልጄ በስልኩ። ወደ ታች ሳይ እግሬ ፍሬን ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደወረደ አላየሁትም፣ እኔም አላዘዝኩትም። አጠፋሁ፤ እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ፤ ዓይኔን እግሬ ላይ ተክዬ እጄን ላክሁ። ዓይኔ እያየው ሄደ። ጉልበቴን በግራ እጄ ይዤ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ እጄን ይዞት ወረደ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም አደጋ እንዳይደርስብኝ ያደረገ እግር ነው፤ ዛሬ ልጄን ሊጥልብኝ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

"አባዬ፣ እኔ ልቀመጥበት?" አለችኝ ልጄ።

ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የቤታችን ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። የሹፌር ወንበር መቀመጫ አይደለም፤ ይህ የእኔ ሕግ ነው። አውቶብሴ ላይ ትኬት ቆራጬ እንኳን በምሳ ሰዓት አረፍ ሊልበት አይችልም ነበር። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ዴፖ ሲመጡ መሪውን በዓይናቸው ብቻ ነው የሚነኩት። ወንዱ ልጄ እንኳን መኪናዋን ካስረከበኝ ቀን ወዲህ ሲመጣ የሚቀመጠው ከጎን ነው። ሌላ ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ አላውቅም፤ በሰርጌ ቀን ሙሽራ ሆኜ የነዳሁት ራሴ ነኝ። እሷ ደግሞ ቢስክሌት እንኳን ነድታ አታውቅም። እግሯ ፍሬን የሚባል ነገር አልለመደም።

ስድስት ደቂቃ ቀርቶናል። በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁላት፣ ላፕቶፑን አቀበልኳት፣ በሩን በቀስታ ዘጋሁባት። እኔ ውጭ ግንቡን ተደግፌ ልጠብቅ ነው ሐሳቤ፤ ያፈረ ሰው ፊት እንዳይታይ። እሷ እግሯን ከወንበሩ ሥር አጣጥፋ ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች። መስኮቱን አንኳኩታ ዳሽቦርዱ ላይ የመጣውን ጽሑፍ አሳየችኝ፤ ቁልፉ መኪናዋ ውስጥ የለም ይላል። ኪሴን ዳሰስኩ። ለካ ይቺ መኪና ባለቁልፉ ካልገባ አትሰማም። በሩን ከፍቼ ቁልፉን ላቀብላት እችል ነበር፤ ለምን እንዳላደረግኩት አልደብቃችሁም፣ ልሰማት ፈልጌ ነው። ዞሬ ሄጄ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ የት እንደሚቀመጥ ጠፋኝ።

አንዴ ተጫነች። የሬዲዮው ስክሪን በራ፣ የመሰኪያው መብራት በራ፣ ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። ሞተሩ ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ መኪና ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው እስካለበት ድረስ መኪና የሚባል ነገር የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ። እንዳልተነፍስ ነው። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ።

ፈታኟ ተመለሰች። ለአፍታ አዳመጠችና "አሁን ጥሩ ነው" አለች። ጽሑፉ መጣ። ስለ አንድ ድልድይ ነበር፤ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ተጠግኖ ሁለት መንደሮች እንደገና ተገናኙ የሚል ዜና። ልጄ ማንበብ ጀመረች።

ለእናንተ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ይህቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ ስታለቅስ፣ ስትነጫነጭ፣ ከወንድሟ ጋር ስትጣላ፣ ወጡ ጨው በዛበት ስትል። ይህን ድምፅ ግን አላውቀውም። አልቸኮለም፣ አልተንቀጠቀጠም፤ ነጥብ ላይ ሲደርስ አረፍ ይላል፣ እንደገና ሲነሳ አያንገጫግጭም። እኔ አውቶብስ በዚህ ዓይነት ስነዳ ነው ሰውን እንቅልፍ የሚወስደው። ድልድዩን አየሁት፣ የመንደሩን ሰው አየሁት።

አንብባ ስትጨርስ ፈታኟ አላመሰገነችም፣ አልነቀፈችም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል አለች፤ ያለ ወረቀት፣ ያለ ዝግጅት፣ አሁን ዓይንሽ የሚያየውን በአንድ ደቂቃ ንገሪኝ። ልጄ ወደ ፊት አየች። ፊት ለፊታችን ያለው ራቁቱን የቆመ ግንብ ነው። በቃ አለቀልን አልኩ በልቤ፤ ስለ ግንብ አንድ ደቂቃ ምን ይባላል? እሷ ግን ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

"ያለሁት የቆመች መኪና ውስጥ ነው" አለች። "ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሬዲዮው ትንሽ መብራት ብቻ ትታያለች። የተቀመጥኩት የሹፌሩ ወንበር ላይ ነው፤ መንዳት ግን አልችልም። የወንበሩ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ ነድተዋል፤ ስንት ሺህ ሰው ሥራው ላይ፣ ትምህርቱ ላይ፣ ሕክምናው ላይ በሰዓቱ አድርሰዋል፤ አንድም ቀን ግን ወንበራቸውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ዛሬ ለእኔ ሰጡኝ። መኪናው ውስጥ ይሞቃል። ላብ ከግንባራቸው ወደ ጉንጫቸው እየወረደ ነው፤ የልብሳቸው ድምፅ እንዳይሰማ ብለው አይጠርጉትም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቀኝ እግራቸው ፍሬን የሌለበትን ወለል ረግጦ ይዟል። እስክጨርስ ድረስ እንደማያነሱት አውቃለሁ።"

ወደ ታች አየሁ። እውነቷን ነው፤ ረግጬ ይዣለሁ።

ከዚያ ፈታኟ፣ አሁን ድምፅዋ እንደ ቅድሙ የመሥሪያ ቤት ድምፅ አልነበረም፣ "ሰውየው ምንሽ ናቸው?" ብላ ጠየቀቻት።

ልጄ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ ዜና ሲነበብ ያልተንቀጠቀጠው ድምፅ እዚህ ላይ ከዳት። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ። ዝም በል እንደተባልኩ አልረሳሁም፤ ነገር ግን ልጅ ተጠይቃ መልስ ሲያጥራት ዝም የሚል አባት ምን አባት ነው?

"አባቷ ነኝ" አልኩ።

እስከዛሬ ማን ነህ ሲሉኝ ሹፌር ነኝ ነበር የምለው፤ ደረቴን ነፍቼ።

"እንግዲያው አባቷ" አለች ሴትዮዋ፣ "ስምንቱንም ሰምቼ ጨርሻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስቱዲዮ እንጠብቃታለን። ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነው። እንዳትዘገይ ይዘዋት ይምጡ።"

ልጄ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ መሪው ላይ ተደፋች። እኔ አርፍጄ እንደማላውቅ ለሴትዮዋ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ "እሺ" ብቻ አልኩ። ከዚያ ግንባሬንና ዓይኔን አንድ ላይ ጠረግኩና የልጄን ጀርባ ቀስ አድርጌ እየዳበስኩ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።